አራት ሕመምተኞች፣ አንድ ዓይነት ፊደል

ከአራቱም ሕመምተኞች ናሙና ያነበብኩት የአንድ የሳንባ ፈንገስ ዲኤንኤ ፊደል አንድ ዓይነት ነበር። አራቱም ኩላሊት የተተከለላቸው ናቸው። እዚህ አውሮፓ፣ እኔ ከምሠራበት ላብራቶሪ አጠገብ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ይመላለሳሉ። «በቃ፣ ፈንገሱን እርስ በርስ ተላልፈዋል» አልኩ።

ፈንገሱ ኒሞሲስቲስ ጂሮቬቺ ይባላል። በትንፋሽ ይተላለፋል። ጤነኛ ሰው ሳይታወቀው ሊሸከመው ይችላል፤ የመከላከል አቅሙ የደከመውን ግን በከባድ የሳንባ ምች ይጥለዋል። እ.ኤ.አ. በ1981 ሎስ አንጀለስ ውስጥ አምስት ወጣቶችን ያጠቃው ይኸው በሽታ ነው፤ የኤድስ ታሪክም የሚጀምረው ስለ እነሱ ከወጣው ሪፖርት ነው።

ችግሩ፣ እንደ ባክቴሪያ ሳህን ላይ አናሳድገውም። ያለን ሳንባ ታጥቦ የወጣው ፈሳሽ ብቻ ነው። ስለዚህ የማይቶኮንድሪያውን (የሴሉን ኃይል ማመንጫ) ትልቁን ራይቦዞማል አርኤንኤ የሚባለውን ጂን መረጥኩ። በአንድ ሴል ውስጥ ብዙ ቅጂ ስላለው ዲኤንኤን በሚያባዛው ዘዴ፣ በፒሲአር፣ ቶሎ ይገኛል። የተሳሳትኩትም እዚሁ ላይ ነው። ቶሎ የሚገኝ ጂን ሁሉ ሰውን ከሰው አይለይም። የዚህ ጂን ልዩነት በአብዛኛው ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ 85ኛውና 248ኛው ፊደል ላይ።

ኃላፊዬ ውጤቱን አይታ «ክሊኒኩን ረግጠው የማያውቁ ሕመምተኞችስ?» አለችኝ። ከፍሪዘር የሌላ ከተማ ናሙናዎች አወጣሁ። ብዙዎቹ ያው ዓይነት ሆነው አረፉት! ያን ቀን እውነቱን ለመናገር ደነገጥኩ። ሪፖርቱን ልልክ ነበር እኮ።

ከዚያ በኋላ ወደ ኤምኤልኤስቲ ገባሁ፤ ብዙ ጂኖችን አንድ ላይ ማንበብ ማለት ነው። ሳይቶክሮም ቢ፣ አይቲኤስ፣ ኤስኦዲ እና ዲኤችፒኤስ የሚባሉትን የዲኤንኤ ክፍሎች ጨመርኩ። ዲኤችፒኤስን የማየው በሌላ ዓይን ነው። 55ኛውና 57ኛው ኮዶን (የሦስት ፊደል ቃል) ላይ የሚታየው ለውጥ ከሰልፋ መድኃኒት ጋር ይያያዛል። አገራችንም ኤችአይቪ በደማቸው ላለባቸው ስንት ሰዎች ሰልፋ ያለበት ኮትሪሞክሳዞል ለመከላከያ ይሰጣል። ለውጡ መገኘቱ ብቻ ግን መድኃኒቱ አይሠራም ማለት አይደለም። መድኃኒት የሚያስለውጠው ጂን ደግሞ ለብቻው ዝምድናን አይመሰክርም።

ቅጂያቸው ጥቂት የሆኑት ጂኖች ከደካማ ናሙና እምቢ አሉኝ። በሁለት ዙር ፒሲአር ስሞክር ምንም ዲኤንኤ ያልጨመርኩበት ቱቦ ውጤቱን በምናይበት ጄል ላይ አበራ፤ ተበክሏል ማለት ነው። የመጀመሪያውን ዙር ቱቦ የከፈትኩት አዲሱን ቅልቅል በማዘጋጅበት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ቅልቅሉን ሁሉ ጥዬ እንደገና ጀመርኩ። ዛሬ ሁለቱ ሥራዎች በየክፍላቸው ናቸው፤ ፒፔቶቹም አይገናኙም።

አራተኛው ሕመምተኛ የዲኤንኤው ንባብ ግራፍ ላይ በአንድ ቦታ ሁለት ጫፍ ያሳይ ነበር። ረጅሙን ብቻ እያነበብኩ አልፌው ነበር። በማይክሮሳተላይት (የሚደጋገሙ አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮችን በማነጻጸር) ስንደግመው ሁለት ዓይነት ፈንገስ ተቀላቅሎበት ተገኘ፤ አንዱም የሦስቱን አይመስልም። በዚህ በሽታ ድብልቅ ብርቅ አይደለም፤ አሁን ትንሿን ጫፍ ሳልመዘግብ አላልፍም።

ሦስቱ ግን በሁሉም ጂን አንድ ሆነው ቀሩ። የቀጠሮ መዝገባቸውን ስናይ በተመሳሳይ ቀናት አንድ መጠበቂያ ክፍል ተቀምጠዋል። ሪፖርቱን «ሳይተላለፉ አልቀሩም» ብለን ላክነው። ክሊኒኩ የሚያስለውን ሰው ለብቻው ማስቀመጥ ጀመረ።