ባዶ ቤት ውስጥ መደበቂያ የለም

ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት ባለው መንገድ ዳር ምሳ እየበላሁ ሪፖርት እጽፋለሁ። ሥራው ስውር ደንበኛ ይባላል፤ ፈረንጆቹ ሚስትሪ ሾፒንግ የሚሉት ማለት ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ፎርም ይልክልኛል። እኔ እንደ ማንኛውም ሰው ገብቼ እቀመጣለሁ፣ አዝዤ እበላለሁ፣ ሂሳብ ከፍዬ ደረሰኜን ይዤ እወጣለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ፎርሙን እሞላለሁ። አስተናጋጇ ከተቀመጥኩ በስንት ደቂቃ መጣች? ጥብሱ ትኩስ ነበር? ሽንት ቤቱ ውስጥ ሳሙና አለ? ደረሰኝ ሳልጠይቅ ተሰጠኝ? ድርጅቱ የበላሁበትን በደረሰኙ ልክ ይተካልኛል፣ ለሪፖርቱ ደግሞ ለብቻ ይከፍለኛል። ሪፖርቱ የሚሄደው ለምግብ ቤቱ ባለቤት ነው። ከሠራተኞቹ ማንም እኔ ማን እንደሆንኩ አያውቅም።

ዛሬ ልጽፍ የፈለግኩት ኮሮና ይህን ሥራ ምን እንዳደረገው ነው። ከዚያ ጊዜ እስካሁን ከውስጤ ያልወጣ ነገር ስላለ።

መጀመሪያ ግን መንገዱን ልንገራችሁ። ለዚህ ሥራ እንደኛ መንገድ የሚመች የለም። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ናት፤ ወደ ደሴ የሚሄደው ሁሉ በመሃሏ ያልፋል። ከዚያ አውቶቡሱ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ቁልቁለቱን ይወርድና ደብረ ሲና ይደርሳል፣ ቆሎ የያዙ ልጆች መስኮቱን ይከቡታል፣ ረዳቱ "ምሳ! ሠላሳ ደቂቃ!" ይላል፣ ስልሳ ሰው በአንዴ ወርዶ ምግብ ቤቱን ይሞላዋል። እኔም ከስልሳው አንዱ ነኝ። ማን ያየኛል? ሰዓቴን ቶሎ ቶሎ ባይ መኪና እንዳያመልጠው የሰጋ መንገደኛ ነኝ። ስልኬ ላይ ብጽፍ ለቤተሰቡ "ደብረ ሲና ደርሻለሁ" የሚል ሰው ነኝ። የሚደብቀኝ ግርግሩ ነው።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። እኛ አገር ብቻውን የሚበላ ሰው ያስታውቃል። አጠገብህ ያሉት ትሪው ሲቀርብላቸው ቀና ብለው "እንብላ" ይሉሃል፣ አንተም "ብሉ፣ ይባረክ" ትላለህ፣ ከዚያ ከየት ነህ፣ ወዴት ነህ ይቀጥላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ታናሽ ወንድሜን ይዤ እሄድ ነበር። አንድ ትሪ ላይ ሆነን እሱ ያወራል፣ እኔ ደቂቃ እቆጥራለሁ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓርብ ነበር። አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረው ያን ቀን ነው። ጾሙ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ እኔና ወንድሜ ደብረ ሲና ላይ በየዓይነቱ ቀርቦልን እየበላን ነው። ቴሌቪዥኑ ሲናገር አስተናጋጇ የሌላ ሰው ትሪ እንደያዘች መሃል ላይ ቆመች። ወንድሜ ሊያጎርሰኝ የጠቀለለው እጁ ላይ ነበር። አየኝና ለራሱ ጎረሰው። ምንም አላልኩትም፣ እሱም ምንም አላለኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ቶሎ ሆነ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ሸኘ፣ አገር አቋራጭ መጓጓዣ ቆመ፣ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የድርጅቱ መልእክት ግን ከአዋጁም ቀድሞ ነው የመጣው፤ ሁሉም ጉብኝት እስከሚቀጥለው ማስታወቂያ ድረስ ቆሟል ይላል። ያለፈው ወር ክፍያዬ ስላልገባ ደወልኩ። ያኔ ስልክ ስትደውል በጥሪው ድምፅ ፈንታ ስለ እጅ መታጠብ የሚያስተምር መልእክት ነበር የሚሰማው፣ ታስታውሱታላችሁ። እሱን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እኔ ነኝ የማውቀው። የሚያነሳ የለም። በወር ስምንት ዘጠኝ ቤት እጎበኝ ነበር፤ ሦስት ወር ሙሉ አንድም የለም።

አሜሪካና አውሮፓም ያሉ የዚህ ሥራ ሰዎች በዚያው ወር ነው ሥራ የቆመባቸው። እዚያ ግን ምግብ ቤት ገብቶ መቀመጥ በሕግ ስለተከለከለ ነው፤ የቀረው ሥራ ቤት ድረስ የሚመጣውንና መኪና ውስጥ ሆነው የሚረከቡትን ምግብ ወደ መገምገም ዞረ። እኛ ጋ የምግብ ቤት በር በአዋጅ አልተዘጋም። በሩ ክፍት ነበር፣ ሰው ነው የቀረው። ለእኔ ሥራ ልዩነቱ ትልቅ ነው። የተዘጋ ቤት አይመዘንም፤ ባዶ ቤት ግን ይመዘናል።

ሰኔ ላይ አዲስ ፎርም መጣ። አስተናጋጆቹ ማስክ አድርገዋል ወይ? በር ላይ ውሃና ሳሙና አለ? ጠረጴዛዎቹ ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቀዋል? በአንድ ጠረጴዛ ከሦስት ሰው በላይ ተቀምጧል? እነዚህ ትክክል ናቸው፣ በደስታ ነው የሞላኋቸው። ችግሩ የድሮዎቹም ጥያቄዎች አንዳቸው ሳይነኩ ከሥር መቀመጣቸው ነው። "አስተናጋጇ በፈገግታ ተቀበለችህ?" የሚለውም አለ። በማስክ ውስጥ ያለ ፈገግታ እንዴት ይሞላል ብዬ አስተባባሪውን ጠየቅኩት። "ከዓይኗ ገምት" አለኝ።

አንዳንዱ ጉብኝት ደግሞ ምግቡን አስጠቅልሎ ቤት መውሰድ ሆነ። ሽሮ ተጋቢኖ አዝዤ ወሰድኩ። ተጋቢኖ ማለት ሸክላው ላይ እየተንተከተከ የሚቀርብ ነገር ነው፣ ጣዕሙ ግማሹ እዚያ ድምፅ ውስጥ ነው። በፌስታል ተንጠልጥሎ በደብረ ብርሃን ብርድ ቤቴ እስኪደርስ ረግቶ እንጀራው ላይ ተጣብቋል። ፎርሙ "ሲቀርብ ትኩስ ነበር?" ይላል። ለማን ነው ዜሮ የምሰጠው? ለብርዱ? የመጓጓዣው ነገርም አለ። አባዱላው በግማሽ ስለሚጭን የከፈልኩት ሂሳብ ከፍ አለ፣ ድርጅቱ የሚከፍለኝ ግን እዚያው በድሮው ቆመ። ለዚህ ስሞታ አቅርቤ መልስ አላገኘሁም፤ እሱን እዚህ እተወዋለሁ።

አሁን ሐምሌ ላይ ደብረ ብርሃን ውስጥ የገባሁበትን አንድ ቤት ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም። ዝናብ ነበር፤ የደብረ ብርሃንን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። በሩ ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን ዱካ ላይ ተቀምጧል፣ ሥሩ ሳፋ፣ ጎኑ ቁራጭ ሳሙና። በዚያ ሰሞን እንዲህ ያለ ጀሪካን የሌለው ቤት አልነበረም፣ ግን ውሃው እንደ በረዶ ስለሚቀዘቅዝ ሰው የጣቱን ጫፍ ነካ ነካ አድርጎ ነበር የሚገባው፣ እኔም እንደዚያው ላደርግ እጄን ስዘረጋ አስተናጋጇ "አንዴ ጋሼ፣ ይቆዩኝ" ብላ ወደ ውስጥ ሮጠች። ማንቆርቆሪያ ይዛ ተመለሰች። የጀሪካኑን ክዳን ከፍታ ሙቅ ውሃ ጨመረችበት። የእጇን ጀርባ ቧንቧው ሥር አድርጋ ሙቀቱን ሞከረችና "አሁን በደንብ ይታጠቡ" አለችኝ። እስከ ክንዴ ታጠብኩ። ማን እንዳዘዛት ስጠይቃት ማንም አላዘዘኝም፣ ሰው ብርዱን ፈርቶ ሳይታጠብ እንዳይገባ ብዬ ነው አለችኝ። ፎርሙ ላይ ያለው ጥያቄ ግን "ውሃና ሳሙና አለ ወይስ የለም" ብቻ ነው።

ገባሁ። ዘጠኝ ጠረጴዛ ተዘርግቷል፣ አምስት ደግሞ ጥግ ላይ ተደራርቧል። ከእኔ በቀር ሰው የለም። ያኔ ነው የገባኝ። ግርግሩ ከሌለ እኔም ስውር አይደለሁም። ሰዓቴን ሳይ ታየኛለች፣ ስልኬን ሳወጣ ታየኛለች። ጥብስ አዘዝኩ። ከወጥ ቤት በኩል የማራገቢያ ድምፅ ሰማሁ፤ ከሰሉን የሚያቀጣጥሉት ገና አሁን ነው። ለማይመጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ከሰል አያነዱም።

ባለቤቱ አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት። ቤቱን የሚያስተዳድሩት እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡና ሁለት እርምጃ ራቅ ብለው ተቀመጡ። "ዘገየብህ አይደል ልጄ? ይቅርታ አድርግልን" አሉኝ። 11 ሠራተኞች ነበርን፣ አሁን አራት ነን፣ እነሱም በፈረቃ ነው አሉ። ከጠዋት ጀምሮ ሦስተኛው ሰው እኔ ነኝ። በሰው እጦት የሚያወሩት ሰው ያገኙ መስሏቸው ሆዳቸውን ከፈቱልኝ፣ እኔ ደግሞ ልመዝናቸው ነው የመጣሁት። እዚያ ወንበር ላይ የተሰማኝን ነገር እስካሁን ስም አላወጣሁለትም።

ጥብሱ በ38 ደቂቃ ደረሰ። ጥሩ ጥብስ ነበር። ፎርሙ እስከ 25 ደቂቃ ሙሉ ነጥብ ይሰጣል፣ ከ35 በላይ ዜሮ።

ይህ ሥራ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሲጀመር ገንዘብ የሚያጎድል ሠራተኛን ለመያዝ ነበር። ቆይቶ ነው ወደ አገልግሎት ጥራት የሰፋው፣ እና ጥሩ ነገር ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ፤ መንገደኛ ስለሆነ ብቻ የትናንት ወጥ የሚቀርብለት ሰው ጠበቃ ያስፈልገዋል። ደቂቃውና ነጥቡ የተሰፈረው ግን ሙሉ ቤት ታስቦ ነው። ቤቱ ሲሞላ 38 ደቂቃ ዝርክርክነት ነው። ቤቱ ባዶ ሲሆን 38 ደቂቃ ከሰል መቆጠብ ነው። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ነገሩ ሌላ ነው።

ማታ 38 ብዬ ሞላሁ፤ ውሸት አልጽፍም። ተጨማሪ አስተያየት የሚለው ቦታ ላይ ስለ ከሰሉ፣ ስለ ባዶው ቤት፣ ስለ ማንቆርቆሪያው አንድ ገጽ ጻፍኩ። በማግሥቱ ተመለሰልኝ። "አስተያየት ከሦስት መስመር አይብለጥ፣ ከጥያቄዎቹ ውጭ አትውጣ" ይላል። በሦስት መስመር አሳጥሬ ላክሁት። ከሰሉን ጻፍኩ፣ ማንቆርቆሪያው አልገባም። ይህ ነው እስካሁን የሚቆጨኝ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ በራሴ ብር ተመልሼ ሄድኩ፣ ያለ ፎርም። ጀሪካኑ እዚያው አለ። ቧንቧውን ከፈትኩ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። እትዬን ልጅቷ የታለች አልኳቸው። መሐል ሜዳ፣ ቤተሰቦቿ ጋ ሄደች አሉኝ። ተቀንሳ ነው ወይስ ራሷ ፈልጋ?

"ያው ነው ልጄ" አሉኝ።

የኔ ዜሮ ምን ያህል እጅ እንዳለበት አልጠየቅኳቸውም። እንዴት ብዬ እጠይቃለሁ? እሳቸው እኔን የሚያውቁኝ ጥብስ የሚወድ ሰው አድርገው ነው። ቤቴ ገብቼ ለድርጅቱ ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ። መስከረም 2013 በመጣው ፎርም ላይ አንድ አዲስ መስመር ከሁሉም በላይ ተቀምጦ አገኘሁ፦ በገባህበት ሰዓት ቤቱ ውስጥ ስንት ደንበኛ፣ ስንት አስተናጋጅ ነበር? እኔ ስለጻፍኩ ይሁን ሌሎችም ጽፈው አልነገሩኝም። ደስ ብሎኝ አስተባባሪው ጋ ደወልኩና እንግዲያው የሐምሌው የኔ ሪፖርት በዚህ ይታረምልኝ አልኩት።

የተዘጋ ሪፖርት አይከፈትም አለኝ።