ኒቆሲያን ለሁለት የከፈለው መስመር

በቆጵሮስ ዋና ከተማ በኒቆሲያ፣ ቁርስ ላይ ለማረፊያ ቤቱ ባለቤት «ዛሬ ወደ ሰሜን ልሻገር ነው» አልኳቸው። ዝም አሉ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ግሪክ ቆጵሮሳዊት ናቸው። የተወለዱት በሰሜን ባለችው ኪሬኒያ ነው፤ ከኒቆሲያ በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ። «እኔ ወደ ገዛ ቤቴ ለመሄድ ፓስፖርት አላሳይም» አሉኝ። ከዚያ ቡናዬን ቀዱልኝ።

እኔ ግን አሳየሁ። ሌድራ ሱቅና ካፌ የሞላበት የእግረኛ ጎዳና ነው። ሰው አይስክሬም እየላሰ ሲንሸራሸር ድንገት ኬላ ይገጥመዋል። ፖሊሱ የጀርመን ፓስፖርቴን አየት አድርጎ መለሰልኝ። ቀጥሎ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች የሚጠብቁት ቀጠና አለ። እዚህ ጋ ጠባብ ናት፤ ጥቂት እርምጃ ብቻ። ግራና ቀኝ ሰው የሌለባቸው፣ መስኮታቸው የተደፈነ አሮጌ ቤቶች ቆመዋል። ከዚያ ሌላ ኬላ፣ ሌላ ባንዲራ። ሰዓቴን ሳይ ገና አምስት ደቂቃ አልሞላም።

የከተማዋ ሰው ግን ይህችን መንገድ ለመራመድ ስንት ዓመት ጠብቋል! በ1963 (እ.ኤ.አ.) በግሪክ ቆጵሮሳውያንና በቱርክ ቆጵሮሳውያን መካከል ደም ሲፈስ፣ አንድ የእንግሊዝ ጄኔራል ካርታ ላይ በአረንጓዴ እርሳስ መስመር አሰመረ። «አረንጓዴው መስመር» የሚባለው ለዚህ ነው። በ1974 በአቴንስ፣ ግሪክ የነበረው ወታደራዊ መንግሥት የደገፈው መፈንቅለ መንግሥት በቆጵሮስ ተካሄደ፤ በቀናት ውስጥ የቱርክ ጦር ገባ። ከ160 ሺህ በላይ ግሪክ ቆጵሮሳውያን ወደ ደቡብ፣ ከ40 ሺህ በላይ ቱርክ ቆጵሮሳውያን ወደ ሰሜን ቤታቸውን ጥለው ተሰደዱ። መሻገር የተፈቀደው በ2003 ነው። የሌድራው በር ደግሞ እስከ 2008 ተዘግቶ ቆየ። ሰሜኑን እንደ አገር የምታውቀው ዛሬም ቱርክ ብቻ ናት።

ወዲያ ማዶ መገበያያው የቱርክ ሊራ ነው። ቡዩክ ሃን ገባሁ፤ በ1572 የተሠራ የኦቶማን ዘመን የነጋዴዎች ማደሪያ ነው። ግቢው ውስጥ ቁጭ ብዬ «የቱርክ ቡና» አዘዝኩ። ጀበና ለለመደ ሰው ትንሽ ወፍራም ነው፤ ዝቃጩ ከስኒው ሥር ይቀራል። ገና አንዴ ፉት ስል አወቅኩት። ጠዋት ሴትዮዋ «የቆጵሮስ ቡና» ብለው የቀዱልኝ ራሱ ነው።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አልቻልኩም። በሚኒባስ ተራራውን አልፌ ኪሬኒያ ወረድኩ። ግንቡ ሥር ያለችው ትንሽዬ ወደብ እንደ ፈረስ ኮቴ ክብ ናት። ጀልባዎቹ ተደርድረዋል፣ ቱሪስቱ ዓሣ ይበላል። የሳቸው ቤት የቱ እንደሆነ ጠዋት አልጠየቅኳቸውም ነበር። እያንዳንዱን አሮጌ በር እያየሁ ዞርኩ።

ማታ ስመለስ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ኪሬኒያ እንደሄድኩ ነገርኳቸው።

«ባሕሩን አየኸው?» አሉኝ።

«አየሁት።»

«ማዕበል ነበረው?»

«አልነበረውም። ጸጥ ብሎ ነበር።»

ጎናቸው ያለውን ወንበር ሳቡልኝ። «ቁጭ በልና ከመጀመሪያው ንገረኝ» አሉኝ።