አደራው ቁጥር ይኑረው

እህቴ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። የእናታችንን ቤት ስም ለማዛወር የሷ ውክልና ያስፈልግ ነበር። ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ዋሽንግተን ኤምባሲ ሄዳ አስጨረሰች። ከዚያ ሁላችንም የምናደርገውን አደረገች፤ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ፈለገች። የሥራ ባልደረባዋ የአክስት ልጅ ተገኘ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም። ግን በገባ በማግስቱ ሀዋሳ ሄደ፤ ፖስታውን ለወንድሙ ተወው፤ የወንድሙ ስልክ ደግሞ አይነሳም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስደውል ከረምኩ።

በመጨረሻ ሳገኘው ፖስታው ለአራት ታጥፏል። ሻንጣ ውስጥ የፈሰሰ ቅባት ነክቶት የማህተሙ ቀለም ተሰራጭቷል፤ ክቡ ይታያል፣ ጽሑፉ ግን ጠፍቷል። ይዤው የሄድኩበት ቢሮ ያለችው ሠራተኛ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችና፣ «ይቅርታ፣ ማህተሙ አይነበብም» አለችኝ። ተናድጄ ወጣሁ፤ ግን እውነቷን ነው። እህቴ እንደገና ፈቃድ፣ እንደገና ኤምባሲ፣ እንደገና ክፍያ።

በሰው መላክን ልጠላው አልችልም፣ ያደግንበት ነው። በርበሬና ሽሮ በሰው ይላክ፤ ቢፈስም ሌላ ይፈጫል። ኦሪጅናል ወረቀት ግን ሌላ ነገር ነው። መንገድ ላይ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ሲያልፍ «ከእገሌ ተቀብያለሁ» ብሎ የሚፈርም ሰው ከሌለ፣ የጠፋ ቀን የት እንደጠፋ እንኳን አይታወቅም። ወደ ክልል በአውቶብስ ሹፌር የምንልከውም ያው ነው።

ፖስታ ቤት ይህን ነገር ድሮ ነው የፈታው። «የአደራ ደብዳቤ» ይለዋል፤ ብዙዎቻችን ሪኮማንዴ ብለን የምናውቀውን ማለት ነው። ስሙን በጣም እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም አደራ እኛ ዘንድ ቀላል ቃል አይደለም። የፖስታ ቤቱ አደራ ደግሞ ቁጥር አለው። ተመዝግቦ ይሄዳል፣ ተቀባዩ ፈርሞ ይወስዳል። ቁጥሩ በዓለም ዙሪያ አንድ ዓይነት ነው፤ 13 ምልክት። ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ዘጠኝ አኃዝ፣ መጨረሻ ላይ የአገሩ ሁለት ፊደል፤ ከኛ አገር የተላከ ከሆነ ኢ እና ቲ። በአር ከጀመረ ሪኮማንዴ ነው፣ በኢ ከጀመረ ኢኤምኤስ የሚባለው የፖስታ ቤቱ ፈጣን መልእክት ነው። ደረሰኝህ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ከሌለ የላክኸው ተራ ደብዳቤ ነው፣ ከመስኮቱ ሳትርቅ ተመለስና ጠይቅ።

እንዲያውም በ1958 እ.ኤ.አ. ሃሪ ዊንስተን የተባለው የኒውዮርክ ጌጣጌጥ ነጋዴ ሆፕ የሚባለውን ትልቁን ሰማያዊ አልማዝ ዋሽንግተን ላለው ስሚዝሶኒያን ሙዚየም የላከው በሪኮማንዴ ነው። ተራ ቡናማ ወረቀት ተጠቅልሎ! የከፈለው 145 ዶላር ከ29 ሳንቲም ነበር፣ አብዛኛው ለኢንሹራንስ።

ኢንሹራንስ ካነሳሁ አይቀር፦ ለወረቀት ብዙም አያስጨንቅህ። ቢጠፋ የሚከፈልህ ካሳ ያንን ዲግሪ ወይም ያንን ውክልና አይመልስልህም። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። መከታተያ ቁጥር አለው? መጨረሻ ላይ የሚያስረክበው ማን ነው? መታወቂያ አይቶ ነው የሚሰጠው?

ሁለተኛው ዙር ላይ የመረጥነው ዲኤችኤልን ነው፣ ውድ ቢሆንም። ምክንያቱ አድራሻ ነው። እኛ የራሳችን ፖስታ ሣጥን የለንም። በመሥሪያ ቤቴ ፖ.ሣ.ቁ. ቢላክ ደግሞ ሣጥኑን የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው፤ መዝገብ ቤት ገብቶ ማን ጠረጴዛ ላይ እንደሚያድር አላውቅም። ሰፈሬን ደግሞ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ» ካልሆነ በሌላ መንገድ ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ እህቴ ፖስታው ላይ የኔን ስልክ በትልቁ ጻፈች፣ የባለቤቴንም ጨመረች። የዲኤችኤሉ ልጅ ደወለ፣ በር ላይ ተገናኘን፣ መታወቂያዬን አይቶ አስፈረመኝ። የራስህ ሣጥን ካለህና ካልቸኮልክ ግን ሪኮማንዴ ይበቃሃል፣ ዋጋውም አይጎዳም። ወደ ክልል ከሆነማ ፖስታ ቤት የሚደርስበትን ያህል የሚደርስ የለም።

ሳይላክ በፊት እያንዳንዱን ገጽ፣ ጀርባውን ጨምሮ፣ ፎቶ አንሱት። ከፊትና ከኋላ ካርቶን አድርጉበት፣ እንዳይታጠፍ። ፕላስቲክ ፖስታ ውስጥ ክተቱት። ላሚኔት ግን አታስደርጉት፤ ስንት ሰው «እንዳይበላሽ» ብሎ አስለብጦ ማህተም የሚያርፍበት ቦታ አጥቶ ሲመለስ አይቻለሁ! ውክልና ከሆነ ደግሞ እዚያው እያላችሁ ሁለት ኦሪጅናል አስፈርሙ። አንዱን ላኩ፣ ሌላው እጃችሁ ላይ ይቆይ፤ እዚህ ውጭ ጉዳይና ውልና ማስረጃ ጨርሶ «አለቀ» እስኪባል ድረስ።

እህቴ በሁለተኛው ጊዜ እንደዚያ አደረገች። የቀረው ኦሪጅናል ቤቷ አለ። የዲኤችኤሉ ደረሰኝ እኔ ጋ ከቤቱ ካርታ ጋር አንድ ክላሰር ውስጥ ነው።