ሦስት ወር፣ ሦስት የወጣቶች ልብ ወለድ፦ የንባብ ማስታወሻዬ

ውድ የንባብ ወዳጆቼ፣ በየካቲት ወር ስንገናኝ እንግሊዝኛዬን ለአፍላ ወጣቶች በተጻፉ ልብ ወለዶች አሻሽላለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ሦስት ወር ሞላኝ፤ ያነበብኳቸው መጻሕፍትም ሦስት ብቻ ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ያሳፍራል። መጻሕፍቱ አሁን ወደ እናንተ ሊተላለፉ ስለሆነ ግን ምን እንደሆኑና እንዴት እንዳነበብኳቸው አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ሦስቱንም ያመጣችልኝ እንግሊዝ አገር የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። ስትመጣ መጽሐፍ፣ ስትመለስ በርበሬና ሽሮ መያዟ የቆየ ልማዳችን ነው። ዘንድሮ የሻንጣዋ ኪሎ አልበቃ ስላላት የላክሁላትን የአሥራ አምስት መጻሕፍት ዝርዝር ወደ ሦስት እንድቀንስ አስገደደችኝ፤ እኔም ባለታሪኩ ወይ ከአገራችን የወጣ ወይ በአገራችን ያለፈ ይሁን የሚል መመዘኛ አወጣሁ። ቀደም ሲል ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ስለ አሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተጻፉ ልብ ወለዶች ገዝቼ አንዱንም ከሃያ ገጽ በላይ መግፋት አቅቶኝ ነበር። ያስቸገረኝ የቃላቱ ክብደት ብቻ ሳይሆን ታሪኩ የሚፈጸምበትን ቦታ በዓይነ ሕሊናዬ ማየት አለመቻሌ ነበር።

የጀመርኩት በቀላሉ ነው። ሊንዳ ሱ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተመችው «ኤ ሎንግ ዎክ ቱ ዎተር» 120 ገጽ ገደማ ሲሆን፣ ዓረፍተ ነገሮቹም አጫጭር ናቸው። ሳልቫ የተባለው የደቡብ ሱዳን ልጅ እ.ኤ.አ. በ1985 ከጦርነት ሸሽቶ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ይመጣና በጋምቤላው የኢታንግ መጠለያ ለዓመታት ይቆያል፤ በየምዕራፉ መግቢያ ደግሞ ናያ የተባለች ልጅ እ.ኤ.አ. በ2008 ውኃ ለመቅዳት የምትሄደውን መንገድ እናያለን። የሳልቫ ታሪክ የተመሠረተው በሳልቫ ዱት እውነተኛ ሕይወት ላይ ሲሆን፣ ሰውየው ኋላ በደቡብ ሱዳን የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ድርጅት መሥርቷል። እኔን ያስቆመኝ ስደተኞቹ ከመጠለያው ተባርረው የጊሎን ወንዝ የሚሻገሩበት ክፍል ነው። በ1983 ዓ.ም. የደርግን ውድቀት አዲስ አበባ ሆኖ የሰማ ሰው የሚያስታውሰው ታንኩንና የሬዲዮውን ድምፅ ነው፤ በዚያው ዘመን አዞ በሞላበት ወንዝ፣ ከኋላ እየተተኮሰባቸው ስለተሻገሩት ልጆች ግን በቤታችን ሲወራ ሰምቼ አላውቅም።

ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ የቤንጃሚን ዘፋኒያ «ረፊውጂ ቦይ» ነው፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ባለታሪኩ ዓለም የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው፤ አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናቸው። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት ምክንያት ቤተሰቡ በሁለቱም አገር ተቀባይ ሲያጣ አባቱ ለጉብኝት ብሎ ወደ እንግሊዝ ይወስደውና አንድ ጧት ደብዳቤ ብቻ ትቶለት ይሄዳል። መጽሐፉ ሲጀመር ወታደሮች ሌሊት በር ሰብረው ሲገቡ እናያለን፤ ገጹን ስንገልጥ ያው ትዕይንት እንደገና ይመጣል፤ ልዩነቱ የመጀመሪያው በኢትዮጵያ፣ ሁለተኛው በኤርትራ መሆኑ ነው። እኔ መጀመሪያ የኅትመት ስሕተት መስሎኝ ወደ ኋላ ተመልሼ ገጾቹን አስተያየኋቸው። ነገሩ ሲገባኝ መጽሐፉን ዘግቼ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፤ ምክንያቱም ጎረቤታችን የነበረ ቤተሰብ በዚያ ጦርነት ጊዜ እንዲህ ለሁለት ሲከፈል በልጅነቴ አይቻለሁ።

ቅሬታም አለኝ። ዓለምና አባቱ ሲነጋገሩ አንዳንዴ የሐበሻ አባትና ልጅ አይመስሉም፤ የሁለቱ ንግግር ለእንግሊዛዊ አንባቢ ነገር ለማስረዳት የተዘጋጀ ይመስላል፤ አባትም ከአክብሮት ይልቅ የጓደኛ ወሬ የሚሰማ ነው። በአንጻሩ የጥገኝነት ጥያቄው በፍርድ ቤት የሚታይባቸው ምዕራፎች ደረቅ ይሆናሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ነገር ግን ከመጽሐፉ በጣም የጠቀሙኝ እነሱ ሆኑ። ይህን ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ2013 ለመድረክ ያዘጋጀው ከኢትዮጵያውያን ወላጆች እንግሊዝ አገር ተወልዶ በማደጎ ቤተሰብና በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገው ገጣሚ ለምን ሲሳይ ነው፤ ከእሱ የተሻለ ሰው ይገኝ ነበር ብዬ አላስብም።

ሦስተኛው የጄን ከርትዝ «ዘ ስቶሪቴለርስ ቢድስ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ። ጸሐፊዋ በልጅነቷ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ ባለችው ማጂ ያደገች አሜሪካዊት ናት። አንዷ ቅማንት፣ አንዷ ዓይነ ስውር ቤተ እስራኤል የሆኑ ሁለት ልጃገረዶች በ1970ዎቹ ዓ.ም. ከጎንደር ወደ ሱዳን ሲሰደዱ ይገናኛሉ፤ እርስ በርስ እንዳይተማመኑ ተደርገው ማደጋቸው ከመንገዱ የባሰ እንቅፋት ይሆንባቸዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ፦ የቅማንቷን ልጅ ስም እንደተጻፈው «ሳሃይ» እያልኩ ብዙ ገጽ ከሄድኩ በኋላ ነው «ፀሐይ» መሆኗ የገባኝ። የራሳችንን ስም በባዕድ ፊደል ሲያዩት እንዲህ ይጠፋል።

ስለ አነባበቤ አጭር ቃል ብቻ ልጨምር። በመጀመሪያው መጽሐፍ የማላውቀውን ቃል ሁሉ መዝገበ ቃላት ውስጥ እፈልግ ስለነበር አንድ ምዕራፍ አንድ ምሽት ይፈጅብኝ ነበር። ከሁለተኛው ጀምሮ ቃሉን በእርሳስ አስምሬ እያለፍኩ ምዕራፉ ሲያልቅ ሦስት ጊዜ የተደገመውን ብቻ መፈለግ ጀመርኩ፤ ካሰመርኳቸው ውስጥ አብዛኞቹ እስከዚያ ድረስ በራሳቸው ተፈትተው አገኘኋቸው።

ባለፈው ዓመት ያዋስኩት መጽሐፍ ሽፋኑ ተገንጥሎ ስለተመለሰልኝ፣ የአሁኖቹን በላስቲክ ሸፍኛቸዋለሁ። ከእያንዳንዱ ጋር ትንሽ ደብተር አብሮ ይሄዳል፤ ያነበበ ሁሉ የተጠራጠረበትን ገጽና ምክንያቱን እንዲጽፍበት እለምናለሁ። ጋምቤላ ሠርቶ የተመለሰው ጓደኛችን የሳልቫን መጽሐፍ ቀድሞ ቢወስድ ደስ ይለኛል፤ ስለ ጊሎ የሚጽፈውን ለማየት ጓጉቻለሁ። «ረፊውጂ ቦይ»ን ቀድሞ የጠየቀ ይውሰድ።

ሦስተኛውን ግን ለጊዜው አላዋስም። እናቴ የጎንደር ሰው ናት፤ እንግሊዝኛ ስለማታነብ ማታ ማታ አንድ አንድ ምዕራፍ በአማርኛ እተርክላታለሁ፤ እሷም በየመሀሉ እያስቆመች ታርመኛለች። ትናንት ስለ ቡዳ ፍርሃት ስንነጋገር፣ በልጅነቷ ከወለቃ ቤተ እስራኤሎች ጀበናና ድስት ገዝተው ሲመለሱ አያቷ ዕቃውን በጢስ ሳታጥን ወደ ቤት እንደማታስገባ ነገረችኝ፤ ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጀበናው ግን ሃያ ዓመት አገለገለን» አለች። አራት ምዕራፍ ይቀረናል።