የዘንድሮ ነው አይደል?

ጎማ ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ክሪክ ሸርተት ብሎ መኪና ሲወድቅ አይቻለሁ። ቸርኬው ተጣመመብኝ ብሎ ቡጢ የሰነዘረብኝ ሰውም ነበር። ያ ሁሉ አልፏል፣ ረስቼዋለሁ። እስካሁን የሚቆረቁረኝ አንዲት እናት የጠየቁኝ ጥያቄና እኔ የሰጠኋቸው መልስ ነው።

ጥር 2017 ላይ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ አንዲት ቪትስ መኪና ግቢ ገባች። የመኪናዋ ባለቤት፣ እኚያ እናት፣ ቢሾፍቱ ነው የሚኖሩት፤ ቃሊቲ አካባቢ በሒሳብ ሠራተኛነት ይሠራሉ። በየቀኑ በፈጣኑ መንገድ ይመላለሳሉ፣ ደርሶ መልስ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጎንበስ ብዬ ጎማቸውን አየሁት። የፊቶቹ በውስጥ በኩል ተበልተው ሽቦ ሊያወጡ ትንሽ ነው የቀራቸው። አላይመንቱ፣ ማለትም የጎማዎቹ አቅጣጫ፣ ተዛብቶ እንደከረመ ያስታውቃል። የኋላዎቹ ደግሞ ጥርሳቸው አልቆ፣ በጥርሱ መሃል ያለችው የ1.6 ሚሊ ሜትር ምልክት ከላዩ ጋር እኩል ሆናለች። አራቱም መቀየር አለባቸው።

«ልጄ፣ ዋጋው የማይጎዳ ግን የሚቆይ ጎማ ነው የምፈልገው» አሉኝ።

ይህን ጥያቄ በቀን አሥር ጊዜ እንሰማዋለን። መልሱ ደግሞ ሒሳብ ነው። ለምሳሌ አንዱ ጎማ 6,500 ብር ሆኖ 30 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ሌላው 8,500 ብር ሆኖ 50 ሺህ ቢሄድ፣ የመጀመሪያው በኪሎ ሜትር 22 ሳንቲም ገደማ ይበላል፣ ሁለተኛው 17። ርካሹ ውድ ነው ማለት ነው። እሳቸው የሒሳብ ሰው ናቸው፤ ይህን ብነግራቸው ከኔ ቀድመው ይጨርሱት ነበር። ግን እኔ ጎማ ገጣሚ ነኝ። የሚሸጠው አለቃዬ ነው። ሲሸጥ መሃል መግባት ደግሞ በኛ ቤት ነውር ነበር።

በሳቸው ልክ፣ በ165/70 አር 14፣ ሦስት ዓይነት ነበረን። ከውጭ የገባ ያገለገለ ጎማ አለ። ስሙ የታወቀ አዲስ አለ። ከዚያ ደግሞ አዲስ ሆኖ በአንዱ ላይ 1,500 ብር የረከሰ አለ። ለምን እንደረከሰ እዚያ ግቢ የምንሠራ ሁላችን እናውቃለን። ከጀርባ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ተደርድሮ ዓመታት የከረመ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በጎን ይገባበታል። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ብየዳ ቤት አለ። ጎማ በጣም የሚጠላው ፀሐይ፣ ሙቀትና ኦዞን ነው፤ የኤሌክትሪክ ብየዳ ደግሞ ኦዞን ያወጣል። ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ የተቀመጠ ጎማ ዕድሜው ቢገፋም ብዙ አይጎዳም። የኛ ግን እንደዚያ አልነበረም። ጥርሱ ሙሉ ነው፣ የአዲስ ጎማ ፀጉሩ እንኳን አልረገፈም፣ ሲነኩት ግን ደረቅ ነው። በአውራ ጣቴ ስጫነው እንደ አዲስ ጎማ እሺ አይለኝም።

አለቃዬ የረከሰውን አወጣላቸው። ሴትዮዋ ዝም ብለው የሚገዙ ሰው አይደሉም። መነጽራቸውን ከቦርሳ አወጡ። ጎማውን በእጃቸው እያሽከረከሩ ጎኑን ማንበብ ጀመሩ። አሜሪካ ያለው ልጃቸው በስልክ አስተምሯቸዋል። ጎኑ ላይ ዲኦቲ (DOT) የሚለውን ፈልጊ፣ መጨረሻው ላይ አራት ቁጥር አለ፣ የመጀመሪያ ሁለቱ ሳምንት ናቸው፣ የኋለኞቹ ሁለት ዓመት ናቸው ብሏቸዋል። ትክክል ነው። ከፈረንጆቹ 2000 ወዲህ ጎማ ላይ የሚታተመው እንደዚያ ነው።

አገኙት። በጣታቸው አቧራውን ጠረጉና ጮክ ብለው አነበቡት።

«22... 17። አስራ ሰባት! የዘንድሮ ነው!»

ፊታቸው በርቶ ነበር። ልጃቸው ያስተማራቸውን በትክክል በመሥራታቸው ደስ ብሏቸዋል። እሱ አሜሪካ ሆኖ 17 ሲባል በዚያ አገር ቀን ነው የሚያስበው። እሳቸው ቢሾፍቱ ሆነው በኛ ቀን ነው የሚያስቡት። የፈረንጆቹ 2017፣ 22ኛው ሳምንት፣ በኛ ግንቦት 2009 ነው። ጎማው ከተሠራ ሰባት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል።

አለቃዬ ምን አለ? «ጎበዝ ነዎት እትዬ! ይህን የሚያውቅ ደንበኛ በወር አንድ አይመጣም» አላቸው። ሌላ ቃል አልተናገረም።

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። እኔ ማሽኑ ላይ ነኝ፣ አሮጌውን ጎማ ከቸርኬው እያወጣሁ። ለምን ወደኔ እንደዞሩ ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው «የዘንድሮ ነው አይደል ልጄ?» አሉኝ።

የማሽኑን ፔዳል ረግጬ ይዣለሁ። አለቃዬ ከኋላቸው ቆሟል፣ አያየኝም፣ ስልኩን እያየ ነው። አፌ ውስጥ ሁለት መልስ ነበር። አንዱ «አይደለም፣ የፈረንጆች ነው» የሚል። ሌላው ደግሞ «አዎ» የሚል። ሁለቱንም አላልኩም።

«22ኛው ሳምንት ነው» አልኳቸው።

እሳቸውም «ጥሩ» ብለው ከፈሉ። ገጠምኩ፣ ባላንስ ሠራሁ፣ ንፋሱን ሞላሁ። ሲወጡ ለሻይ ብለው 100 ብር ሰጡኝ። ተቀበልኩ።

ማታ ላይ አለቃዬን «ጋሼ፣ ሴትዮዋ እኮ በኛ ቀን መስሏቸው ነው» አልኩት። እሱም «ራሷ አነበበች፣ ራሷ ተረጎመች። እኛ ምን አልን?» አለኝ። ይህች አነጋገር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች። እውነት ነው፣ ማናችንም ምንም አላልንም። መዋሸት እንኳን አላስፈለገንም። ቀን መቁጠሪያው ዋሸልን።

ከዚያ በኋላ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ከዚያው ክምር ለሌሎች ሁለት መኪኖች ገጠምኩ። ሁለቱም አልጠየቁኝም። ያልጠየቀኝን ሰው አልነገርኩም።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጀምር ሴትዮዋ መጡ። አለቃዬ አልነበረም። መኪናዋ በዝናብ ፍሬን ስይዝ ትንሸራተታለች፣ ሁለት ጊዜ ደንግጫለሁ አሉኝ። ክሪክ አድርጌ ጎማውን አሽከረከርኩት። በጥርሶቹ መሃል፣ ከሥር፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ። በጎኑም እንደዚያው፤ የደረቀ ጭቃ መስሎ ተሰነጣጥቋል። ጥርሱ ግን ገና ሙሉ ነው። ደንበኛን የሚያታልለው ይኼ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሲሆን ጎማው ጤነኛ ይመስላል። ጎማ አስፋልት የሚይዘው ግን በጥርሱ ጥልቀት ብቻ ሳይሆን በልስላሴውም ነው፤ ሲደርቅ ዝናብ ላይ ይለቃል። በፈጣን መንገድ፣ በሙቀት፣ ንፋሱ ጎድሎ ሲሄድ ደግሞ የተሰነጠቀው ጎን ሊፈነዳ ይችላል።

«ልጄ፣ አምስት ወሩ እኮ ነው። 7,500 ኪሎ ሜትር ነው የሄድኩት» ብለው ትንሽ ደብተር አወጡ። ነዳጅ የቀዱበት ቀን፣ ኪሎ ሜትሩ፣ ብሩ፣ ሁሉም በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። በጥር ወር መስመር ላይ «4 ጎማ፣ የ2017» ይላል።

ያንን ጽሑፍ ሳይ አልቻልኩም። ጣቴን ጎማው ላይ አድርጌ ነገርኳቸው። «እትዬ፣ ይኼ 17 የፈረንጆች ነው። በኛ 2009 ነው።»

ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው «2009... እኔ እኮ በ2009 መንጃ ፈቃድም አላወጣሁም» አሉ።

«ያን ቀን ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«አውቅ ነበር።»

አልተቆጡም። ድምፃቸውን ከፍ ቢያደርጉ ይሻለኝ ነበር። «ሰውዬው ሻጭ ነው፣ ከሱ አልጠበቅኩም። ለዚህ ነው እኮ አንተን የጠየቅኩት» አሉኝ።

እና ያን ጊዜ ነው ለምን ወደኔ እንደዞሩ የገባኝ። እጁ ጥቁር የሆነው፣ ጎማውን የሚነካው፣ ከሽያጩ ምንም የማያገኘው ልጅ እውነቱን ይነግረኛል ብለው ነው። ሂሳባቸው ትክክል ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ለአለቃዬ ነገርኩት፣ ቢያንስ ሁለቱን እንቀይርላቸው አልኩት። «ጎማው ፈንድቷል?» አለኝ። አልፈነዳም። «እንግዲያው ምን እቀይራለሁ?» አለ። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ወጣሁ። የወጣሁት በዚህ ብቻ ነው ብል ግን ውሸት ነው፣ የደመወዝም ነገር ነበር። ከመውጣቴ በፊት ስልክ ቁጥሬን ለሴትዮዋ ሰጥቻቸዋለሁ። ጎማ ሊገዙ ሲሉ፣ የትም ሆነው፣ ይደውሉልኝ ብዬ።

አሁን የምሠራበት ቤት ግድግዳ ላይ ካርቶን ላይ በማርከር የጻፍኩት አለ። ለናንተም ይሁን። ከዲኦቲ ቀጥሎ ካሉት የመጨረሻ አራት ቁጥሮች የኋለኞቹን ሁለት ውሰዱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ከ37 በታች ከሆኑ ከዓመቱ 8 ቀንሱ። 37ና ከዚያ በላይ ከሆኑ 7 ቀንሱ፣ ምክንያቱም የኛ አዲስ ዓመት እዚያ ሳምንት ላይ ነው የሚውለው። 22 17 የሚለው 2009 ነው። 40 17 ቢል 2010 ነበር። ቀኑ ብዙ ጊዜ በጎማው አንድ ጎን ብቻ ነው የሚታተመው፤ ገጣሚው ያንን ጎን ወደ ውስጥ ካዞረው መኪናው ሥር ካልገባችሁ አታዩትም። ስለዚህ ሳይገጠም እዩ፣ አራቱንም እዩ፣ አንዱን ብቻ አይደለም። አላይመንት ሳታስተካክሉ ደግሞ አዲስ ጎማ አትግጠሙ፤ የሴትዮዋን አሮጌ ጎማ የበላው እሱ ነው። ንፋሱን ጠዋት መኪናው ሳይሞቅ አስለኩ፤ ልኩ በሾፌሩ በር በኩል ተለጥፏል፣ በግምት አትሙሉ።

አንዳንዴ ደንበኞች ጎማው ላይ ትሬድዌር 400፣ 500 የሚለውን ያሳዩኛል። ቁጥሩ ሲበዛ ቀስ ብሎ ያልቃል ማለት ነው። ግን ቁጥሩን የሚሰጠው ራሱ አምራቹ ስለሆነ፣ የአንዱን ፋብሪካ ከሌላው ጋር ማወዳደር ያሳስታል። የአንድ ፋብሪካ ሁለት ጎማ ስታወዳድሩ ነው የሚጠቅማችሁ።

ነሐሴ ላይ ስልኬ ጮኸ። እሳቸው ናቸው። ሌላ ጎማ ቤት ቆመዋል፣ ከኋላ ኮምፕሬሰር ይጮኻል። በአንዴ አራቱን መግዛት ስለከበዳቸው ሁለት ሊገዙ ነው።

«አግኝቼዋለሁ ልጄ። 08፣ 25 ይላል። 25 ሲቀነስ 8...» ትንሽ ቆም አሉ። «17! አሁን የእውነት 17 ነው አይደል?»

«አዎ እትዬ፣ የየካቲት 2017 ነው። የዘንድሮ ነው» አልኳቸው። ይህን ቃል ስል ጉሮሮዬ ላይ የሆነ ነገር ለቀቀኝ።

«ሻጩ አዲሶቹ ፊት ይግቡ ይላል» አሉኝ። ኋላ ይግቡ አልኳቸው። የኋላው ጎማ ዝናብ ላይ ከለቀቀ መኪናው ይዞራል፣ መልሶ መያዝ ለማንም ከባድ ነው። ከቀሩት አሮጌዎች ደህና የሆኑት ሁለቱ ወደ ፊት ይምጡ፣ እነሱም በሚቀጥለው ደመወዝ ይቀየሩ፣ እስከዚያው በዝናብ ቀስ ብለው ይንዱ አልኳቸው።

«ቆይ፣ ለልጁ ልስጥህ» አሉና ስልኩን ለገጣሚው ሰጡት። ትንፋሹ ይሰማኛል፣ ጎማ ተሸክሞ ነው መሰለኝ። ሰላም አልኩት። ስሙን ጠየቅኩት። ከዚያ አዲሶቹን ኋላ እንዲገጥም ነገርኩት።