ታርጌቱ ሳይደርቅ የጀመርኩበት ሌሊት

ሳይክሎትሮን (ፕሮቶንን በከፍተኛ ፍጥነት የሚያስወነጭፍ ማሽን) ላይ መሥራት ከጀመርኩ ስምንት ዓመቴ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ሌሊት ሌሊት። ካንሰርን በምስል ለሚያሳየው ምርመራ፣ ለፔት ስካን፣ የሚሆን ኤፍዲጂ እናመርታለን፤ ጨረር የሚያወጣው ፍሎሪን-18 የታሰረበት ስኳር ማለት ነው። የካንሰር ሴል ስኳር አብዝቶ ስለሚወስድ ስካኑ ላይ ደምቆ ይታያል። ታካሚው ሳይበላ የሚመጣውም ለዚሁ ነው፤ የራሱ ስኳር እንዳይሻማው።

ሥራው በአጭሩ ይሄ ነው። ኦክስጅን-18 (ከተራው ኦክስጅን የከበደ ዓይነት) የበዛበት 2.5 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ታርጌቱ ውስጥ፣ ፕሮቶኑ የሚያርፍበት ትንሽ ዕቃ ውስጥ፣ ይገባል። 2 ሰዓት ያህል ፕሮቶን ይለቀቅበታል። ኦክስጅኑ ፍሎሪን-18 ይሆናል። ውሃው በቀጭን ቱቦ በእርሳስ ወደታጠረው ሳጥን ይሄዳል፤ ማሽኑ ኤፍዲጂውን ይሠራል፣ ጥራቱ ይመረመራል፣ መኪና ይወስደዋል። ግማሹ በ110 ደቂቃ ስለሚያልቅ ሁሉም ሩጫ ነው።

የምጽፈው ግን ታርጌት ስለማድረቅ ነው። አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ነው። ቀን የታርጌቱን ፎይል ቀየርን፤ ፕሮቶኑ የሚያልፍበት፣ ከፀጉር የሳሳ ብረት ነው። መመሪያው እንደሚለው በተራ ውሃ አጠብነው፣ በተራ ውሃም ሞከርነው። ኦክስጅን-18 ያለው ውሃ በጣም ውድ ስለሆነ ለሙከራ አይባክንም ይላሉ። ከዚያ እንዲደርቅ ሂሊየም ጋዝ ነፋንበት፣ የተጻፈውን ደቂቃ ያህል ብቻ። ፈረምኩ።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀመርኩ። ግፊቱ ደህና፣ የፕሮቶኑ ጨረር ደህና። 10 ሰዓት ላይ ውሃው መጣ። ውሃው የሚያወጣው ጨረር ቁጥሩ ከወትሮው አነስ ቢልም የሚያስደነግጥ አልነበረም። ግን ዓይኔ እያየ ይወርዳል። ፍሎሪን-18 በ10 ደቂቃ የሚቀንሰው 6 በመቶ ገደማ ነው። ይሄ የዚያን እጥፍ ወረደ። መለኪያው ነው ብዬ አለፍኩት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለካ ቱቦው ውስጥ የቀረው ተራ ውሃ ከውዱ ጋር ተቀላቅሏል። የተራው ውሃ ኦክስጅን-16 ፕሮቶን ሲያገኘው ናይትሮጅን-13 ይሆናል፤ የሱ ግማሽ ደግሞ በ10 ደቂቃ ይጠፋል። ዓይኔ እያየ የወረደው እሱ ነበር፤ ፍሎሪን-18ቱማ ከመጀመሪያውም ትንሽ ነው የተሠራው። ያኔውኑ አቁሜ በሁለተኛው ታርጌት ብጀምር ቀኑ ይተርፍ ነበር።

ኤፍዲጂው ሲወጣ የታዘዘውን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ለመጀመሪያዎቹ ክሊኒኮች ላክን፣ የቀሩትን ሰረዝን። ጠዋት አንዲት ነርስ ደወለች። "ሰውዬው ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰም። የመጣውም ከሩቅ ነው። ምን ልበለው?" የምመልስላት አጣሁ።

የጥራት ክፍሉ ሪፖርት በአንድ መስመር ዘጋው፤ "የኦፕሬተር ስህተት"። ቁጥሩን አይቼ ማለፌ የኔ ጥፋት ነው፣ አልክድም። የማድረቂያው ደቂቃ ማነሱ ግን የመመሪያው ነው። እሱን ለማስቀየር ወራት ፈጀብኝ። ስብሰባ፣ ፊርማ፣ እንደገና ስብሰባ። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

አዲስ ለምትጀምሩ፦ መመሪያው ላይ ያለውን የማድረቂያ ደቂቃ እንደ ትንሹ ቁጠሩት፤ ጨምራችሁ ንፉ። ፎይል ከተቀየረ በኋላ የመጨረሻውን ሙከራ በውዱ ውሃ አድርጉት፣ ወደ ምርትም አታስገቡት። ይባክናል የሚል አለቃ ይኖራል። አትስሙት። በባዶ ሆዱ መጥቶ የሚመለስ ሰው ይበልጣል።

እኔ ውሃው እንደመጣ ቁጥሩን እመዘግባለሁ፤ ሲገባ፣ በ5 ደቂቃ፣ በ10 ደቂቃ። ቅጹ ላይ ቦታ አልተሰጠውም። ጠርዙ ላይ እጽፈዋለሁ።