ሄደር ወይስ የፋብሪካው ማኒፎልድ?

ዛሬ ከሰዓቱን አዳማ ጋራዥ ውስጥ አሳለፍኩት። ከአባቴ የወረስኳት አሮጌ ሂሉክስ የጭስ ማኒፎልዷ፣ ማለትም የሲሊንደሮቹን ጭስ ሰብስቦ ወደ ጭስ ማውጫው ቱቦ የሚያስገባው ብረት፣ ተሰንጥቋል፤ ጠዋት ስትነሳ ከኮፈኑ ስር ጠክ ጠክ ትላለች። ወንድሜ አንዴ ከተፈታ አይቀር በፋብሪካው ማኒፎልድ ፈንታ ሄደር እናስገጥምላት ይላል። ሐሳቡ እኔንም ስቦኝ ነበር። ሄደር ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ረጅም ቱቦ አለው፤ የአንዱ ጭስ የሌላውን መውጫ አያጨናንቅም፣ እንዲያውም ቀድሞ የወጣው ተከታዩን ይስበዋል። ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው ግን ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሠራ ነው።

የእኛዋ ካርቡራቶር ያላት 2.4 ሊትር ቤንዚን ናት። ሥራዋ ዕቃ ጭኖ ወደ አሰላ መውጣት ነው፤ ከአዳማ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል! መካኒኩ ጋሼም "ልጄ፣ ዳገት የሚያስወጣሽ የታች ጉልበት ነው" አሉኝ፤ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር የሚሰጠውን ጉልበት ማለታቸው ነው። እውነታቸውን ነው። በዚያ ላይ የሄደሩ ስስ ብረት ቶሎ ይዝጋል፣ የኮፈኑን ሙቀት ይጨምራል፣ ድምፁም ከፍ ይላል። ጎረቤቶቼ ጎህ ሲቀድ እንዲረበሹ አልፈልግም።

ስለዚህ ያልተሰነጠቀ የፋብሪካ ማኒፎልድ አግኝቻለሁ፤ ያገለገለ ቢሆንም ጤነኛ ነው። ነገ ቶርኖ ቤት ፊቱ ይስተካከላል፣ ከዚያ በአዲስ ጓርኒሲዮን (ጭስ እንዳያፈስ በመሃል በሚገባ ማሸጊያ) ይታሰራል። ወንድሜን ማሳመን ብቻ ቀረኝ።